ዘጌን በተመለከተ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባሕር ዳር ሐይቅ ዳርቻ ቆሞ ወደ ሰሜን ምዕራብ የተመለከተ ሰው ውኃው ላይ የተጋደመ ጠቆር ያለ አረንጓዴ ጉብታ ያያል። ዘጌ እርሱ ነው። ስሙን የማያውቅ የከተማው ነዋሪ የለም፤ ገብቶ ያደረበት ግን ጥቂት ነው። እንግዳ ሲመጣብን በጀልባ ወስደን ኡራ ኪዳነ ምሕረትን እናሳየዋለን፤ እንግዳውም ሥዕሉን አይቶ፣ ፎቶ አንሥቶ ለምሳ ከተማ ይመለሳል። በገዳማቱ መካከል በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ እንደሚኖር፣ ያ ሕዝብ በገዛ መሬቱ ላይ በሬ ጠምዶ እንደማያውቅ፣ ስለዚህም ከአገሬው ገበሬ ሁሉ የተለየ ኑሮ እንዳለው ብዙዎቻችን ልብ አንልም። የእናቴ ወገኖች ከዚያ ስለሆኑ ጥያቄው ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል። አንዱን መልስ አሥር ጊዜ ከመድገም ብዬ እዚህ አሰባሰብኩት።

ዘጌ ደሴት ነው?

አይደለም። በጀልባ የሚሄድ ሰው ደሴት ቢመስለው ግን አይፈረድበትም፤ ጣና ላይ 37 ያህል ደሴቶች ስላሉ ዘጌም አንዱ ይመስላል። ከሐይቁ ደቡባዊ ዳርቻ ተነሥቶ ወደ ውኃው የገባ ባሕረ ገብ መሬት ነው። ከዋናው ምድር ጋር በሚያያይዘው አንገት ላይ አፋፍ የምትባል ትንሽ ከተማ ተቀምጣለች። ከአፋፍ ወዲህ ገበሬ ያርሳል፤ ከአፋፍ ወዲያ ደን ነው። ይህን ድንበር ያዙልኝ፤ ከዚህ በታች ያሉት መልሶች ብዙዎቹ ወደ እርሱ ይመለሳሉ።

ከተማ ነው ገጠር?

በወረቀት ከተማ ነው። ከጢስ ዓባይና ከመሸንቲ ጋር በባሕር ዳር ከተማ አስተዳደር ሥር ከሚገኙት አነስተኛ ከተሞች አንዱ ሆኖ ይቆጠራል። በእግር ለሚሄድ ሰው ግን ከአፋፍ ዋና መንገድ ወጣ ካለ በኋላ አስፋልት የለም፣ ፎቅ የለም፤ ያለው በቡና ዛፍ መካከል የሚሽሎኮለክ ቀጭን መንገድ ነው። ቤቶቹ እርስ በርስ አይተያዩም። ከጎረቤት ቤት መኖሩን የምታውቁት በጭሱ ወይም በዶሮ ጩኸት ነው። ከሐይቅ ላይ ሆኖ ሲታይ ሰው የማይኖርበት ጫካ የሚመስለውም ለዚህ ነው።

ዘጌ እንዲህ የለመለመው ቆላ ስለሆነ ነው?

ብዙ ሰው እንዲያ ይገምታል። ጫካ፣ ቡና፣ ማንጎ፣ ጦጣና ሙቀት በአንድ ላይ ሲታዩ ቆላ የገቡ ይመስላል። ሆኖም የጣና ወለል ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው፤ ዘጌም ከዚያ ከፍ ይላል እንጂ ዝቅ አይልም። በአገራችን አከፋፈል ወይና ደጋ ነው። በዓለም ካርታ ላይ ደግሞ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን ከ11 እስከ 12 ዲግሪ መካከል ስለሚውል የሐሩር ክልል ውስጥ ነው፤ ከፍታው ሙቀቱን ያበርድለታል። ቡና የሚወደው ይህንኑ ነው።

ዝናቡስ? በባሕር ዳር አካባቢ በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል፤ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ። ከሐይቁ የሚነሣው እርጥበትም ያግዛል። ነገር ግን ያው ዝናብ ከአፋፍ ወዲህ ባለው ሜዳ ላይም ይዘንባል፤ ሜዳው ላይ ያለው ግን የእርሻ ማሳ፣ የባሕር ዛፍ መደዳና የተጋጠ የግጦሽ መሬት ነው። ስለዚህ ለልምላሜው ምክንያት ሰማዩን ብቻ መጥቀስ አይበቃም። የቀረውን ምክንያት ለማግኘት ወደ ሰዎቹና ወደ ሕጋቸው መሄድ ያስፈልጋል።

በዘጌ በሬ አይጠመድም የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ከአፋፍ ወዲያ ሞፈርና ቀንበር አይገባም፤ ከብትም አይረባም። ይህ የመንግሥት መመሪያ አይደለም፤ ግዝት ነው።

ታሪኩን አያቴ እንዲህ ትነግረን ነበር። አቡነ በትረ ማርያም ወደ ዘጌ በመጡ ጊዜ ስፍራው ጫካ ነበር። ጻድቁ ጸለዩ፤ እግዚአብሔርም በዚህ ምድር የሚኖሩ ሰዎች ሳያርሱ እንደሚኖሩ ቃል ኪዳን ሰጣቸው። በትራቸውን ለሦስት ከፍለው ተከሉት፤ አንዱ ቡና ሆነ፣ አንዱ ጌሾ፣ አንዱ ሎሚ። የቅዱሱ ስም ራሱ «የማርያም በትር» ማለት መሆኑን ልብ በሉ፤ ታሪኩና ስሙ ተቃቅፈው ነው የሚሄዱት። ትውፊቱ የገዳሙን ምሥረታ ወደ 14ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ይወስደዋል።

ይህን እንደ ተረት ሰምቶ ፈገግ ብሎ የሚያልፍ ሰው አጋጥሞኛል። እኔ ግን ከብዙ የደን ጥበቃ ደንብ ይልቅ የረቀቀ ሆኖ አገኘዋለሁ። አስቡት፦ ማረሻ ካልገባ መሬት አይገለበጥም፣ ዳገቱ ላይ ያለው አፈርም ከሐይቁ አይገባም። ከብት ከሌለ ገና የበቀለ ችግኝ አይጋጥም፣ አይረገጥም። እህል ካልተዘራ ደግሞ ዛፉን ለማሳ ብሎ የሚመነጥር አይኖርም። በዚያ ላይ የተፈቀዱት ሦስቱ ተክሎች ሁሉም ዓመት ከዓመት የሚቆሙ ናቸው፤ ቡናው እንዲያውም ጥላ ይፈልጋልና ትልልቁን ዛፍ ማቆየት የባለቤቱ ጥቅም ነው። አንድ ግዝት አፈሩን፣ ችግኙንና ጥላውን በአንድ ጊዜ ጠበቀ። በዙሪያው ያለው የጣና ዳርቻ ደን ሲያልቅ ዘጌ ላይ የቀረው ለዚህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ማነው የሚያስከብረው? ጥበቃ የለውም፣ የቅጣት ሠንጠረዥም የለውም። ግዝቱን ጥሶ በሬ ያስገባ ሰው ከጻድቁ ጋር እንደተጣላ ይቆጠራል፤ በሰፈሩ ለሚኖር ሰው ይህ ከገንዘብ ቅጣት ይከብዳል።

ካላረሱ ምን ይበላሉ?

እንጀራ፣ እንደማንኛችንም። ልዩነቱ ጤፉን ገዝተው መብላታቸው ነው። የዘጌ ሰው ገጠር እየኖረ እህል ሸማች ነው፤ ይህ በአገራችን ገጠር እምብዛም የማይገኝ ነገር ነው። የሜዳው ገበሬ እህሉን፣ ቅቤውንና በጉን ይዞ ወደ አፋፍ ገበያ ይመጣል፤ የዘጌው ሰው ቡናውን፣ ጌሾውንና ፍራፍሬውን ይዞ ከዚያው ይደርሳል። አፋፍ ከተማ የሆነችው በዚህ መገናኛነቷ ነው።

ጌሾውን አትናቁት። ቡና በዓመት አንድ ጊዜ ነው ገንዘብ የሚያመጣው። ጌሾ ግን ቅጠሉም እንጨቱም ደርቆ፣ በተፈለገ ጊዜ ተቆርጦ ይሸጣል፤ በባሕር ዳር ጠላ የሚጠምቅና ጠጅ የሚጥል እስካለ ድረስ ፈላጊ አያጣም። ሎሚ፣ ማንጎ፣ ፓፓያ፣ ዘይቱንም አለ። ከሐይቁ ደግሞ ቆሮሶና አምባዛ ይወጣል።

አራተኛው ምርት ደስ የማይለው ነው፦ ማገዶ። ወደ እርሱ በኋላ እመለሳለሁ።

የዘጌ ቡና በምን ይለያል?

በዛፍ ጥላ ሥር፣ እርስ በርሱ ተጠጋግቶ፣ ቀስ ብሎ የሚበቅል ቡና ነው። ከላይ ብርብራ፣ ዋንዛ፣ ዋርካና ሌሎችም ዛፎች ይከልሉታል። በተለይ ብርብራ ከዘጌ ቡና ጋር ወዳጅነቱ የቆየ ነው፤ የባቄላ ወገን ስለሆነ መሬቱን ያዳብራል፣ ጥላውም አይከብድም። (የብርብራን ፍሬ ወቅጦ ውኃ ውስጥ ቢበትኑት ዓሣውን ያሰክረዋል። ጥንት ዓሣ ማጥመጃ ነበር። ትንሹንም ትልቁንም አንድ ላይ ስለሚፈጅ አሁን የሚያደርገውን ሰው ጎረቤቱም አያመሰግነውም።)

ከኅዳር ጀምሮ ፍሬው መቅላት ሲጀምር ቤተሰቡ በሙሉ ከቡናው ሥር ነው። ትምህርት ቤት ያለ ልጅ እንኳን ከሰዓት በኋላ ቅርጫት ይይዛል። የተለቀመው እሸት እንዲደርቅ በየደጁ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ያን ጊዜ ዘጌ የሄደ ሰው የሚያስታውሰው ሽታውን ነው፤ የኮመጠጠ፣ የጣፈጠ፣ ትንሽ የማር ነገር ያለበት። ደርቆ ከነገለባው ሲቀመጥ ጀንፈል ይባላል፤ ብዙ ቤት ጀንፈሉን እንደ ባንክ ያስቀምጠዋል፤ ሕመም ሲመጣ ወይም የልጅ ደብተር መግዣ ሲጠፋ ከጆንያው እየተቀነሰ ይሸጣል።

ጣዕሙን በተመለከተ እኔ ዳኛ ልሆን አልችልም፤ ለዘመድ ማድላት አለ። የገበያ ምክር ግን ልስጥ፦ ባሕር ዳር ውስጥ «የዘጌ ቡና» ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ ዘጌ የበቀለ አይደለም። የምትፈልጉት እርሱን ከሆነ አፋፍ ሄዳችሁ ከሴቶቹ እጅ ግዙ፤ ከቻላችሁ ጀንፈል ግዙና ቤታችሁ አስፈልፍሉት። ጀንፈል ከተፈለፈለ ቡና በተሻለ ይቆያል።

ካህናት ቡና እንዴት ተከሉ? ቡና ይነቀፍ አልነበረም?

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ አንድ የታሪክ ተማሪ የሆነ የአክስቴ ልጅ ዘወትር የሚያነሣው ነው። በደጋው ክርስቲያን ዘንድ እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ድረስ ቡና መጠጣት የሙስሊሞች ልማድ ተደርጎ ይታይና ይነቀፍ ነበር። በዘጌ ግን ቡናው የቆመው በገዳም ግቢ ዙሪያ ነው። መልሱ ቀላል ሊሆን ይችላል፦ መትከልና መሸጥ አንድ ነገር ነው፣ መጠጣት ሌላ። የሚያርስ በሬ የሌለው አገር የሚሸጥ ነገር ያስፈልገዋል።

የሚታረመውንና የሚለቀመውን ቡና ሁሉ ባለቤቶቹ ብቻቸውን ይሠሩት ነበር?

ይህን ጥያቄ የሚጠይቀኝ ሰው የለም፤ መጠየቅ ነበረበት። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ ጣሊያን እስከ ወረረበት ጊዜ ድረስ፣ የዘጌ ቡና ሥራ በብዙው የተደገፈው በባሮች ጉልበት ነበር። ከባለ ቡናዎቹ መካከል ካህናትም ነበሩ። «ሳያርሱ መኖር» የሚለው ቃል ኪዳን ለአንዱ ዕረፍት ሲሆን ለሌላው ዕዳ ሆኖ ነበር ማለት ነው። በአገር ደረጃ ባርነት በሕግ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ነፃ የወጡት ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ከሌላው ጋር ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ ቁስሉ ግን በጋብቻና በአንድ ማዕድ ላይ ሲነሣ ሰምቼ አውቃለሁ። ስለ ጫካው ውበት ብቻ እያወሩ ይህን መዝለል ሐቀኝነት አይመስለኝም።

እንግዳ ሆናችሁ ስትሄዱ ግን የሰውን ዘር ቆጥራችሁ አትጠይቁ። የምትጠይቁት ሰው በየትኛው ወገን እንደሆነ አታውቁም፤ ብታውቁም አይገባም።

ገዳማቱ ስንት ናቸው? ሴቶችስ መግባት ይችላሉ?

ኡራ ኪዳነ ምሕረት፣ አዝዋ ማርያም፣ በትረ ማርያም፣ ይጋንዳ ተክለ ሃይማኖትና ሌሎችም አሉ። ሁሉንም በአንድ ቀን ለማየት መጣደፍ ለእግርም ለመንፈስም አይበጅም። በኡራ ኪዳነ ምሕረትና በአዝዋ ማርያም ወንዶችም ሴቶችም ይገባሉ። ለወንድ ብቻ የተፈቀደው ከባሕር ዳር ብዙ የማይርቀው የደሴቱ ገዳም ክብራን ገብርኤል ነው፤ ሰዎች ሁለቱን እያቀላቀሉ «ዘጌ ሴት አይገባም» ይላሉ። ስሕተት ነው። ዘጌ ሴት ባትኖር ኖሮ ቡናውን ማን ይለቅመው ነበር?

የኡራ ኪዳነ ምሕረት ክብ ቤተ ክርስቲያን የመቅደሱ ግድግዳ ዙሪያውን በሥዕል የተሸፈነ ነው። ብልጭታ ያለው ፎቶ ቀለሙን ይጎዳልና ብልጭታውን አጥፉ ሲሏችሁ ሳይሆን ሳትጠየቁ አጥፉት። ነጠላ ይዛችሁ ሂዱ። ጫማ ደጅ ይወልቃል።

እንዴት ነው የሚኬደው?

ሁለት መንገድ አለ። በሐይቅ በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ እንደ ሞተሩ ይለያያል። በየብስ በአውሮፕላን ማረፊያው አቅጣጫ ወጥቶ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ አፋፍ ይደረሳል።

የእኔ ምርጫ በየብስ ሄዶ በጀልባ መመለስ ነው። በየብስ ስትሄዱ ሜዳውን አልፋችሁ ድንገት ደኑ ውስጥ ስትገቡ ያ ድንበር ይታያችኋል፤ በጀልባ ብቻ የሄደ ሰው ይህን አያየውም። በጀልባ የምትሄዱ ከሆነ በጠዋት ተነሡ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሣል። ጣና ጥልቀቱ ቢበዛ ከ14 እስከ 15 ሜትር የሆነ፣ ስፋቱ ግን ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ሐይቅ ነው፤ ጥልቀት የሌለው ሰፊ ውኃ ደግሞ ለነፋስ ቶሎ ይታዘዛል። የሕይወት ማዳኛ ጃኬት የሌለው ጀልባ ላይ አትሳፈሩ፤ ባለ ጀልባው «እኔ ሃያ ዓመት ነድቻለሁ» ቢላችሁም። አንድ ጊዜ ሰምቼው ተሳፍሬ ነበር፤ ከደረስን በኋላ ለግማሽ ሰዓት አልተናገርኩም።

የየብስ መንገዱም ሆነ ሐይቁ በዚያ ሰሞን ሰላም መሆኑን ከመነሣታችሁ በፊት የአካባቢውን ሰው ጠይቁ።

በታንኳ መሻገር ይቻላል?

የዘጌ ሰው ይሻገራል። እናንተ ግን አይመከርም። ታንኳ ከደንገል ታስሮ የሚሠራ ነው፤ ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ በየጊዜው ከውኃ ወጥቶ መድረቅ አለበት፣ ዕድሜውም በወራት የሚቆጠር ነው። ሠሪዎቹ፣ በተለይም በዚህ ጥበብ የታወቁት ወይጦዎች፣ ሲሠሩ ማየት ከመሳፈሩ ይልቅ ያስደስታል። ደንገሉ ራሱ ከሐይቁ ዳርቻ እየራቀና እየመነመነ መጥቷል።

ሐይቁ ውስጥ መዋኘት ይቻላል? እምቦጭስ?

አትዋኙ። ቢልሃርዚያ አለ፤ በዘጌ የተማሪዎች ምርመራ በተደረገ ቁጥር ይገኛል። ጉማሬም አለ። ለልጆቻችሁ ጫማ አድርጉላቸው። የወባ ነገር ስላለ የምታድሩ ከሆነ አጎበር አትርሱ።

እምቦጭ ጣና ላይ በስፋት የታየው ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ነው፤ ክፉኛ የተጠቃው የሰሜንና የሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ነው። ዘጌ በተቃራኒው ወገን ስለሆነ እስካሁን የከፋውን ሳያይ ኖሯል።

ማደር ይቻላል?

ይቻላል፤ ሆቴል ብላችሁ ከጠበቃችሁ ግን ታዝናላችሁ። አፋፍ ላይ ቀለል ያለ ማደሪያ ይገኛል። የሌሊቱን ጸጥታና የማለዳውን የወፍ ጫጫታ ለሰማ ሰው ፍራሹ ብዙም አያስቆጨውም። ለእኔ ግን አይቆጠርም፤ እኔ የማድረው አክስቴ ቤት ነው።

ዘጌ ውስጥ መሬት መግዛት እፈልጋለሁ። ይሸጣል?

በዚህ ጥያቄ ላይ በቅርብ ዓመታት የሚደውልልኝ ሰው በዝቷል። «ሐይቅ ዳር፣ ጫካ ውስጥ፣ ለሎጅ የሚሆን» ይሉኛል፤ አንዳንዱ ዋጋ ጭምር ይዞ ነው የሚመጣው።

አይሸጥም። የገጠር መሬት በየካቲት 1967 ዓ.ም. አዋጅ የሕዝብ ሆነ፤ በ1987 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40ም መሬት እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ይደነግጋል። ባለ ይዞታው ያለው የመጠቀም መብት ነው፤ ያፈራውን ቡና፣ የሠራውን ቤት በተመለከተ መብት አለው፤ ይዞታውን ለልጁ ያወርሳል፣ በሕጉ መሠረት ያከራያል። «በውስጥ ስምምነት» መሬት እሸጥላችኋለሁ የሚላችሁ ደላላ የሚሸጠው ወረቀት ብቻ ነው። ወረቀቱን ተማምኖ ገንዘቡን የሰጠ ወዳጅ አለኝ፤ አሁንም ከወረቀቱ ጋር ነው።

ጣናና ዙሪያው በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት መመዝገቡንም ልብ በሉ።

ባሕር ዳር እየሰፋ ሲመጣ ዘጌ አይዋጥም?

ባሕር ዳር በፍጥነት አድጋለች። በ1987 ዓ.ም. ቆጠራ 96,000 ገደማ የነበረው የከተማዋ ሕዝብ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከ155,000 በላይ ሆነ፤ ከዚያ ወዲህ የሆነውን በዓይናችን እያየን ነው። ሰው የሚያወራው ስለ አዲሱ የዓባይ ድልድይ ነው። 380 ሜትር ርዝመት ያለው ይህ ድልድይ በ2016 ዓ.ም. ተከፍቷል፤ የሚያሻግረው ግን ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ጎንደር መስመር ነው። ዘጌ በምዕራብ ስለሆነ ሕንፃው ሳይደርስበት ገና ዓመታት ይፈጅ ይሆናል።

ከተማው ግን ሕንፃ ሆኖ ብቻ አይመጣም። በማለዳ ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር የሚገቡትን ታንኳዎች ያየ ሰው ይህን ያውቃል፤ ከወገባቸው በላይ የተጫነው የማገዶ እንጨት ነው። ጭነቱ ከታንኳው ይበልጣል፤ ቀዛፊው ከእንጨቱ ጀርባ ተደብቆ አይታይም። እንጨቱ ለጠላ ቤቱ፣ ለእንጀራ ጋጋሪዋ፣ ለምግብ ቤቱ ነው። ከተማው በሰፋ ቁጥር ምጣዱ ይበዛል። አንድ ዓመት ቡናው ሳይዝ ሲቀር ወይም ዋጋው ሲወርድ የዘጌ ሰው ጤፍ መግዛቱን አያቆምም፤ ስለዚህ ከዛፉ ላይ ይቆርጣል። ግዝቱ ማረሻን ከለከለ እንጂ መጥረቢያን በግልጽ አልከለከለም። በትሩን ለሦስት የከፈሉት ጻድቅ የባሕር ዳርን ምጣድ አላዩትም።

በዚህ ላይ ሐይቁም የራሱ ጣጣ አለበት። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ላይ ያለው የጨረጨራ ግድብ በ1988 ዓ.ም. ከተሠራ ወዲህ የጣና ውኃ መጠን በሰው እጅ የሚቆጣጠሩት ነገር ሆኗል፤ ውኃው በጣም በቀነሰባቸው ዓመታት ታንኳና ጀልባ ዳርቻ መድረስ ተቸግረው ነበር።

ለወጣቶቹ መፍትሔው ምንድን ነው ብላችሁ ብትጠይቁ ሁለት ነገር ይነግሯችኋል፦ የቡናው ዋጋ ደላላ ሳይበላው እጃቸው እንዲገባና ሐይቁን ከሚጎበኘው ሰው ከሚገኘው ገንዘብ ለመንደሩም የሚተርፍ እንዲኖር። የጀልባው ክፍያ ባሕር ዳር ይቀራል፣ የመግቢያው ለገዳሙ ነው፣ ለመንደሩ ሰው የሚቀረው በመንገዱ ዳር የሚሸጣት ትንሽ ታንኳና የመስቀል ቅርጽ ናት። በዚህ አልፈርድባቸውም።

ምን ይዤ ልሂድ?

ያዝ የሚያደርግ ጫማ፤ በክረምት ከቡናው ሥር ያለው መሬት ያንሸራትታል። ነጠላ ወይም ጋቢ። ዝርዝር ብር፤ አፋፍ ላይ ለአንድ ቁና ሎሚ ትልቅ ብር ብታወጡ መልስ ፍለጋ ሦስት ሱቅ ይዞራል። ምሳችሁን ከያዛችሁ ለጦጣዎቹ አታሳዩ፤ ያዩት ነገር ሁሉ የእነርሱ ይመስላቸዋል። ባዶ ዘንቢልም ያዙ። ቡናውን፣ ሎሚውንና ማንጎውን በላስቲክ ይዞ ጀልባ ላይ የወጣ ሰው ባሕር ዳር ሲደርስ ግማሹን ወለል ላይ ሲለቅም አይቻለሁ።